የደከመ መሬት ሐኪም፦ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር

በታላላቅ ሰዎች ዓምዳችን ዛሬ ደግሞ አንድ የእፅዋት ሊቅ ይዘንላችሁ መጥተናል። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ምግብ ሰንሰለት ተምረናል አይደል? የዚህን ሰው ሕይወት ስታነቡ ያ ትምህርት ስንት ሰው ከረሃብና ከዕዳ እንደሚያወጣ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። አንድ ገበሬ በየዓመቱ ከማሳው ያጭዳል። እህሉ ወደ ጎተራ ወይም ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ገለባውን ከብት ይበላዋል። ዘንድሮም እንደዚህ፣ የዛሬ ዓመትም እንደዚህ። ታዲያ መሬቱ ሁልጊዜ የሚሰጠው ከየት እያመጣ ነው? ለሱስ ማን ይመልስለታል? የዛሬው እንግዳችን ዕድሜውን ሙሉ የደከመው ለዚህ ጥያቄ ነው። ስሙ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረስ የተከፈለበት ሕፃን

ጆርጅ የተወለደው በአሜሪካ፣ ሚዙሪ በሚባለው ግዛት፣ ዳይመንድ በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ነው። የተወለደበትን ቀን እሱ ራሱ አያውቀውም ነበር፤ 1864 አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። ለምን አይታወቅም ካላችሁ፣ እናቱ ሜሪ ባሪያ ስለነበረች ነው። ያኔ በዚያ አገር ጥቁር ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ይለወጥ ነበር። የባሪያ ልጅ ተወለደ ብሎ ቀኑን ጽፎ የሚያስቀምጥ ማን አለ? አባቱም ጆርጅ ነፍስ ሳያውቅ በአደጋ ሞተ።

ጆርጅ ገና ጨቅላ እያለ ሌላ መከራ መጣ። ዘመኑ አሜሪካኖች እርስ በርስ የሚዋጉበት ዘመን ነበር። ሽፍቶች መጥተው እናቱንና እሱን ጠልፈው ወደ ሌላ ግዛት ወሰዷቸው። የእርሻው ባለቤት ሞዘስ ካርቨር ሰው ልኮ አስፈለጋቸው። የተላከው ሰው ይዞ የተመለሰው ግን በሳል የታመመውን ሕፃን ብቻ ነው። ለድካሙም አንድ ፈረስ ተሰጠው። እናትየው የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጆርጅ የእናቱን መልክ ሳያውቅ አደገ።

ብዙም ሳይቆይ ባርነት ተሻረ። ሞዘስ ካርቨርና ባለቤቱ ሱዛን ጆርጅንና ታላቅ ወንድሙን ጂምን አሳደጓቸው። ካርቨር የሚለው ስምም የመጣው ከነሱ ነው። ጂም ጠንካራ ስለነበረ እርሻ ላይ ይሠራል። ጆርጅ ግን ቀጫጫና በሽተኛ ስለነበረ ከሱዛን ጋር ቤት ይውላል። ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ መስፋትና አትክልት መንከባከብ ተማረ። ፊደልም ያስቆጠረችው እሷ ናት።

ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ ወደ ጫካ ይሄዳል። ቅጠል፣ ድንጋይ፣ ነፍሳት፣ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል። የመንደሩ ሰው አበባው ሲጠወልግበት ጆርጅን ያስጠራዋል። እሱም መጥቶ ቅጠሉን ያያል፣ አፈሩን በእጁ ይፈተፍታል። ጥላ በዝቶበት ከሆነ ወደ ፀሐይ ያወጣዋል፤ ውሃ በዝቶበት ከሆነ ይቀንስለታል። በቃ፣ ትንሹ የእፅዋት ሐኪም ተባለ!

ትምህርት ፍለጋ

በአካባቢው የነበረው ትምህርት ቤት ጥቁር ልጅ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ጆርጅ ገና ልጅ እያለ ከቤቱ ወጥቶ ጥቁር ልጆች ወደሚማሩባት ኒዮሾ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። እዚያም ማሪያ ዋትኪንስ የሚባሉ ሴት ከነባለቤታቸው አስጠጉት። ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ ሴት ስለነበሩ እሱም እያገዛቸው ተማረ። እኛ ለዕረፍት ስንወጣ ኳስ እንጫወታለን፤ እሱ ግን በዕረፍት ሰዓት እየሮጠ መጥቶ ልብስ ያጥብ ነበር።

ከዚያ ካንሳስ ወደሚባለው ግዛት ተሻገረ። ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ፣ ልብስ እያጠበና ምግብ እያበሰለ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ። አንድ ኮሌጅም በደብዳቤ ተቀብዬሃለሁ አለው። ደስ ብሎት ሄደ። በር ላይ ሲደርስ ግን ጥቁር መሆኑን አዩና መለሱት። እስቲ በሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት!

ጆርጅ አዘነ እንጂ አልተወውም። ጊዜ ቢወስድበትም በ1890 አዮዋ ግዛት ውስጥ ሲምፕሰን በሚባል ኮሌጅ ሥዕልና ሙዚቃ መማር ጀመረ። የሥዕል መምህርቱ ኤታ በድ ይባላሉ። ሲያዩት አብዛኛውን ጊዜ የሚስለው ተክል ነው። የተክሉን ነገር ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ሲረዱ የግብርና ትምህርት እንዲማር መከሩት። በ1891 የአዮዋ ግብርና ኮሌጅ ገባ። በዚያ ኮሌጅ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ እሱ ነው። በ1894 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1896 ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ።

አንድ ደስ የሚል ነገር እንጨምርላችሁ። ጆርጅ ኮሌጅ እያለ የአንድ መምህር ትንሽ ልጅ እየተከተለው እፅዋት ሊያዩ ይዞሩ ነበር። ያ ልጅ ሄንሪ ዋላስ ይባላል። አድጎ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ!

የቱስኬጊው መምህር

በ1896 ቡከር ቲ ዋሽንግተን የሚባሉ ታላቅ ሰው ለጆርጅ ጥሪ ላኩ። እሳቸውም በባርነት የተወለዱ ናቸው፤ አላባማ በሚባለው ደቡባዊ ግዛት ቱስኬጊ የሚባል የጥቁሮች ትምህርት ቤት ይመሩ ነበር። ጆርጅ አዮዋ ቢቀር ተመችቶት ይኖር ነበር። ነገር ግን የራሱ ወገኖች እዚያ በድህነት እየኖሩ ስለነበር ጥሪውን ተቀብሎ ሄደ። ከዚህ በኋላ እኛም ጆርጅን አንቱ ማለት አለብን፤ መምህር ሆነዋላ!

ፕሮፌሰር ካርቨር አላባማ ሲደርሱ ያዩት ጥጥ ነው። በቀኝ ጥጥ፣ በግራ ጥጥ፣ እስከ ቤት ደጃፍ ድረስ ጥጥ። ጥጡ ግን ኮሳሳ ነበር። መሬቱ በጎርፍ ተሸርሽሮ ቦይ ቦይ ሠርቷል። ከባርነት የወጡት ገበሬዎች አብዛኞቹ የራሳቸው መሬት የላቸውም። የሰው መሬት ያርሳሉ፤ ካመረቱት ላይ ለባለመሬቱ ያካፍላሉ። ዘርና ምግብ የሚያገኙትም በብድር ነው። አበዳሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥጥ ካልዘራችሁ አላበድርም ይላል። መሬቱ ሲደክም ምርቱ ያንሳል፤ ምርቱ ሲያንስ ዕዳው ይበዛል። ነፃ ወጣን ብለው በዕዳ ታሰሩ ማለት ነው።

ፕሮፌሰሩ የሚሠሩበት ቤተ ሙከራም ባዶ ነበር። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ተማሪዎቻቸውን ይዘው ከቆሻሻ መጣያ ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ የድስት ክዳንና ሽቦ ለቃቅመው ከዚያ መሥሪያ ዕቃ ሠሩ። የእኛ ትምህርት ቤት ዕቃ የለውም እያልን የምንተኛ ካለን ይችን ልብ እንበል።

መሬቱ ለምን ደከመ?

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ብለን ሳይንሱን እንየው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ጉልበት ነው። ሁለተኛው ንጥረ ምግብ ነው። ሁለቱ የሚሄዱበት መንገድ ግን ይለያያል።

ጉልበት የሚመጣው ከፀሐይ ነው። ተክል የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ፣ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከአፈር ውሃ ወስዶ ምግብ ይሠራል። ይሄ ፎቶሲንተሲስ ይባላል። በግ ሣሩን ይበላል፣ እኛ በጉን እንበላለን። ነገር ግን በጉ ከሣሩ ያገኘውን ጉልበት ሲራመድበት፣ ሲተነፍስበትና ሰውነቱን ሲያሞቅበት አብዛኛው በሙቀት መልክ ይወጣል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው በግምት ከአሥር አንዱ እጅ ነው። በሙቀት የወጣው ጉልበት ተመልሶ ወደ ተክል አይገባም። ልክ እንደ ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈሳል። ቢሆንም ብዙ አያሳስበንም፤ ፀሐይ ነገም ትወጣለች።

ንጥረ ምግብ ግን እንደሱ አይደለም። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየም የሚባሉትን ፀሐይ አታመጣልንም። እነሱ የሚዞሩት እንደ ዕቁብ ነው። አፈር ለተክል ይሰጣል፣ ተክል ለእንስሳ ይሰጣል። የእንስሳው ፍግ፣ የረገፈው ቅጠል፣ የሞተው ሁሉ መሬት ላይ ይወድቃል። ባክቴሪያ፣ ፈንገስና ትላትል ያበሰብሱትና ወደ አፈር ይመልሱታል። ከዚያ እንደገና ዙሩ ይጀመራል። ዕቁብ ላይ ዕጣ ደርሶት፣ በልቶ የሚጠፋ ሰው ካለ ምን ይሆናል? ዕቁቡ ይፈርሳል! የአላባማ መሬት የደረሰበት ይሄው ነው። በየዓመቱ ጥጥ ብቻ እየተዘራ ንጥረ ምግቡ ይወጣል፣ የሚመልስ የለም። በዚያ ላይ መሬቱ ክረምቱን ራቁቱን ስለሚከርም የላይኛውን ለም አፈር ዝናብ ይዞት ይሄዳል።

የካርቨር መድኃኒት

ፕሮፌሰር ካርቨር ሦስት መፍትሔ ይዘው ተነሡ። ሦስቱም ገንዘብ የማያስወጡ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚያስተምሩት ሰው ኪሱ ባዶ መሆኑን ያውቁ ነበር።

የመጀመሪያው ብስባሽ ወይም ኮምፖስት ነው። ጫካን ማንም ማዳበሪያ አይጨምርለትም፤ ግን ለምለም ነው። ለምን? ቅጠሉ እዚያው ረግፎ እዚያው ስለሚበሰብስ ነው። ስለዚህ የጫካ ቅጠል፣ ከረግረግ የሚወጣ ጥቁር አፈርና ፍግ በአንድ ላይ እየከመሩ፣ ሲበሰብስ ማሳ ላይ እንዲበትኑ ገበሬዎቹን አስተማሩ። ለትምህርት ቤቱ የሙከራ ማሳ የተሰጣቸው መሬት ራሱ የደከመ ነበር፤ በዚህ ዘዴ አገገመ።

ሁለተኛው ያለውን በትክክል መጠቀም ነው። በ1898 ያወጡት የመጀመሪያው የገበሬዎች መጽሔት ስለ አሳማ መኖ ነው። አላባማ ውስጥ ኦክ የሚባል ዛፍ ሞልቷል፤ ፍሬው በየጫካው ወድቆ ይቀራል። ገበሬው መኖ በብድር ከሚገዛ አሳማዎቹን ያንን ፍሬ ያብላ አሉ። ዛፉ ከፀሐይ ያጠራቀመው ጉልበት ወደ አሳማው ይገባል፣ የአሳማው ፍግ ደግሞ ወደ ማሳው ይሄዳል ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ሰብል ማፈራረቅ ነው። አንድ ዓመት ጥጥ ከተዘራ በሚቀጥለው ዓመት ጥራጥሬ ወይም ኦቾሎኒ ይዘራል። ለምን ኦቾሎኒ? የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ግን ተክሎች ከአየር ላይ በቀጥታ መውሰድ አይችሉም። በባህር መሃል ሆኖ ውሃ እንደመጠማት ነው! እነ አተር፣ ባቄላ፣ ሽንብራና ኦቾሎኒ ግን ሥራቸው ላይ ትናንሽ እባጮች አሏቸው። በነዚህ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ተክል ወደሚጠቀምበት ዓይነት ይለውጡታል። ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጣቸዋል። ቅጠሉና ሥሩ ተመልሶ አፈር ውስጥ ሲታረስ ናይትሮጅኑ ለሚቀጥለው ሰብል ይተርፋል። ይሄንን ምሥጢር ያገኙት ካርቨር አይደሉም፤ በ1880ዎቹ በአውሮፓ ያሉ ሳይንቲስቶች ናቸው። የካርቨር ትልቅ ሥራ ከሊቃውንት መጽሐፍ አውጥተው ማንበብ ለማይችል ገበሬ ማድረሳቸው ነው።

እንዴት አደረሱት መሰላችሁ? ገበሬው ወደ ትምህርት ቤት መምጣት ካልቻለ ትምህርት ቤቱ ወደ ገበሬው ይሂድ ተባለ። በ1906 በእንስሳ የሚጎተት ጋሪ ተሠራ። ማረሻ፣ ዘር፣ የአፈር ናሙናና ልዩ ልዩ ዕቃ ተጭኖበት ከመንደር መንደር ዞረ። ገንዘቡን በሰጡት ሰው ስም የጄሰፕ ጋሪ ተባለ። ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤት ማለት ነው።

ነቀዙና ኦቾሎኒው

ብዙ ገበሬዎች ግን መጀመሪያ ላይ ፈሩ። ኦቾሎኒ ዘርቼ ማን ይገዛኛል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዕዳ ያለበት ሰው ዝም ብሎ አይሞክርም። ከዚያ የጥጥ ፍሬ የሚበላ ነቀዝ መጣ። ከሜክሲኮ በኩል ገብቶ እየተስፋፋ በ1910ሮቹ አላባማን ወረረ። የጥጥ ማሳ ጠፋ። ጥጥ ብቻ የዘራ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ያን ጊዜ ብዙዎች ወደ ኦቾሎኒ ዞሩ። ኢንተርፕራይዝ የምትባል የአላባማ ከተማማ በ1919 ለነቀዙ ሐውልት አቆመችለት፤ በግድም ቢሆን ከጥጥ አላቆን ብላ!

አሁን ደግሞ ኦቾሎኒው በዛ፣ ገዢ ያስፈልገዋል። ፕሮፌሰር ካርቨር ቤተ ሙከራቸውን ዘግተው ሥራ ያዙ። በ1916 ኦቾሎኒ እንዴት እንደሚዘራና 105 የምግብ አሠራሮችን የያዘ መጽሔት አሳተሙ። ከኦቾሎኒ ወተት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ቀለምና ሌላም ብዙ ነገር ሠሩ፤ በአጠቃላይ ከ300 በላይ ጥቅም አግኝተውለታል። ከስኳር ድንችም ከ100 በላይ። በ1921 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ስለ ኦቾሎኒ አስረዱ። የተሰጣቸው 10 ደቂቃ ነበር። አንዳንዶቹ የምክር ቤት አባላት መጀመሪያ ላይ ጥቁር በመሆናቸው ቀልደውባቸው ነበር። እሳቸው ግን ሳይቆጡ ከሣጥናቸው አንድ በአንድ እያወጡ ሲያሳዩ ሁሉም መስማት ፈለገ፤ ሰዓቱም ተራዘመላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት እናርም። ብዙ ሰው የኦቾሎኒ ቅቤን የፈጠሩት ካርቨር ናቸው ይላል። እውነት አይደለም፤ ከሳቸው በፊትም ነበረ። የሳቸው ሥራ ከዚያ ይበልጣል።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ፕሮፌሰር ካርቨር ሚስት አላገቡም፣ ልጅም አልነበራቸውም። ያረጀ ኮት ለብሰው፣ ኮታቸው ላይ ግን ሁልጊዜ አበባ ሰክተው ይታዩ ነበር። ገና ሳይነጋ ተነሥተው ጫካ ውስጥ መዞርም እንደ ልጅነታቸው አልተዉም። ቱስኬጊ ላይ ከ46 ዓመት በላይ አስተማሩ። ሕይወታቸውን ሙሉ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ምርምሩ እንዲቀጥል ለትምህርት ቤቱ ሰጡ። በጥር 5 ቀን 1943 አረፉ፤ ከቡከር ቲ ዋሽንግተን መቃብር አጠገብም ተቀበሩ። በዚያው ዓመት የተወለዱበት ቦታ ብሔራዊ መታሰቢያ ሆነ። አንድ ፈረስ የተከፈለበት ያ ሕፃን ተወልዶ በባርነት የተቆጠረበትን መሬት ዛሬ ሰው ሊጎበኘው ይሄዳል።

ከታሪኩ ምን እንማራለን?

የኛ አገር ገበሬዎችም ስንዴ ወይም ጤፍ በዘሩበት ማሳ ላይ በሌላው ዓመት ባቄላ ወይም ሽንብራ ይዘራሉ። ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? አያቶቻችን ባክቴሪያውን ባያዩትም መሬቱ እንደሚያርፍበት ያውቃሉ። በሌላ በኩል ደግሞ እበቱን ኩበት አድርገን ስናነደው እሳቱ ጉልበቱን ይሰጠናል፤ ናይትሮጅኑ ግን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ ለማሳው አይደርስም። ማገዶ ስለሚቸግር እንጂ ወላጆቻችን ወደው አይደለም። ስለዚህ ቢያንስ ቅጠሉን፣ የአትክልት ልጣጩንና አመዱን አንጣለው።

እናንተም ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ባቄላ ወይም አተር የሚዘራ ካለ አስፈቅዳችሁ አንድ ተክል ከነሥሩ ቀስ ብላችሁ ንቀሉ። አፈሩን በውሃ እጠቡት። ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች ታገኛላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። ካያችሁ በኋላ ተክሉን አትጣሉት። ወደ አፈሩ መልሱት፤ ዕቁቡ ይቀጥል!

በሚቀጥለው እትም በሌላ ታላቅ ሰው እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የሳይንስ ዓምድ አዘጋጆች